የሠላሳ ዓመት ትዳር ያለ ልጅ፦ የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት

የሚነበብ፦ ዘፍጥረት 25፥19-26፤ ኢሳይያስ 56፥3-5



ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ የ40 ዓመት ሰው ነበረ። ዔሳውና ያዕቆብ ሲወለዱ 60 ሞልቶታል። ከቁጥር 20 እስከ ቁጥር 26 አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለርብቃ ግን ሃያ ዓመት ነው። በየወሩ ተስፋ፣ በየወሩ ሐዘን፣ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት።

በእኛ ሰፈር ለአንዲት ሙሽራ ሃያ ዓመት ቀርቶ ሃያ ወር የሚታገሣት የለም። ሠርጉ ባለቀ በሦስተኛው ወር የሰው ዓይን ሆዷ ላይ ነው። በስድስተኛው ወር ውሃ ወረፋ ላይ ትጠየቃለች። ዓመት ከሞላማ የባል ዘመድ ይሰበሰባል፣ ባልየውም ሌላ ሴት እንዲፈልግ ይመከራል። በዚህ ምክንያት የፈረሰ ትዳር በመካከላችን አለ፤ ሊፈርስ የተቃረበም አለ። ስለዚህ ዛሬ ሁላችሁም በስም የምታውቋቸውን የአንዲት ሴት ሕይወት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የአድዋ ነገር ሲወራ ስማቸው ይጠራል፤ ልጅ እንዳልወለዱ ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚያ ዘመን ጦርነትና አገዛዝ በመካከላችን ያለው ሐሳብ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአያቶቹ መራራ ነገር የሰማ አለ። እሱን ዛሬ አልነካም። የምናየው ትዳራቸውን ነው።

ከምኒልክ በፊት

ጣይቱ የሰሜን መሳፍንት ዘር ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ የአባታቸው ወንድም ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ውቤ ደረስጌ ላይ በካሣ ተሸነፉ። ካሣ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ የተባሉት ናቸው። ከዚያ ወዲህ የውቤ ቤት እንደ ድሮው አልሆነም። ስለዚህ ጣይቱ ከትልቅ ቤት ተወልደው በተሸናፊ ቤት ነው ያደጉት። እኛ ትናንት ቤትና ከብት የነበረን ሰዎች ይህ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር። ጣይቱ ግን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፣ ግእዝም አወቁ፣ በገናም ይደረድሩ ነበር። አጼ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ በላይ ትዳር ገብተው ወጥተዋል። ከአንዱም ልጅ አልወለዱም።

የፋሲካው ጋብቻ

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ጣይቱን አንኮበር ላይ አገቡ። የተጋቡት በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ ሰው እንደ ሌላው ጋብቻ በቀላሉ አይፋታም። ጣይቱ ያን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነበሩ፣ ምኒልክም ወደ አርባ ተጠግተዋል።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ምኒልክ ከዚያ በፊት የአጼ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ ከእሷ ልጅ አልተወለደም። ቀጥሎ ወይዘሮ ባፈናን ይዘው ኖሩ። ባፈና ከቀድሞ ባሎቻቸው ብዙ ልጆች የወለዱ ሴት ነበሩ፤ ከምኒልክ ግን አንድም አልወለዱም። ከሌሎች ሴቶች ደግሞ ለምኒልክ ሸዋረጋና ዘውዲቱ የሚባሉ ሴቶች ልጆች ተወልደውላቸዋል።

ታዲያ ከምኒልክና ከጣይቱ ማንኛቸው ናቸው መካን? ምኒልክ እንዳንላቸው ልጆች አሏቸው። ችግሩ ሁሉ የጣይቱ ነው እንዳንል ደግሞ ብዙ የወለዱት ባፈናም ከምኒልክ አልወለዱም። የዚያ ዘመን ሰው እንዲህ አልተጨነቀም ይሆናል፤ ሴቲቱ ናት ብሎ ይጨርሰዋል። ዛሬም ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። እውነቱን የሚያውቅ ግን እግዚአብሔር ነው። ሰው ከውጭ አይቶ ሊፈርድበት የማይችል ነገር ነው።

በባዶ እጅ ያልተቀመጡ ሴት

ቤተ መንግሥቱ ያን ጊዜ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ እንጨቱም እያለቀ ነበር። ከተራራው በታች ፍልውሃ ሲወርዱ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤትም አሠሩበት፣ አዲስ አበባ ብለውም ሰየሙት። ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው። ሌሎቹ መኳንንት ተከትለው ሠፈሩ፣ ከተማ ሆነ።

ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሁለት ቀን ቆይቶ ጣይቱ እቴጌ ተባሉ። ይህን አስቡት፤ ትዳሩ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ልጅ የለም። ምኒልክ የዘውድ ወራሽ ያስፈልጋቸዋል። ሌላ ሴት አምጡ የሚል አማካሪ ንጉሥ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም። ሆኖም ዘውዱን ያደረጉት ላልወለዱት ሚስታቸው ነው።

የውጫሌ ውል ጉዳይ ከኢጣሊያ ጋር ሲያጣላ ጣይቱ ጠንክረው ተቃወሙ። ጦርነቱ ሲመጣ የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ያለው የኢጣሊያ ምሽግ አልደፈር ሲል፣ ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት ጣይቱ ናቸው። ምንጩ ተያዘ፣ ምሽጉም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ደግሞ ሴቶችን አሰልፈው ለተጠማውና ለቆሰለው ወታደር ውሃ ያቀርቡ ነበር። የውሃን ዋጋ እዚህ ሞያሌ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በኋላም አዲስ አበባ ላይ በስማቸው እቴጌ ሆቴል የተባለውን ሆቴል አቋቋሙ። በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን የሚሆን ቤት አሠሩ። የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ከእንጀራ ልጃቸው ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ።

ሕመሙና መጨረሻው

ከጥቂት ዓመት በኋላ አጼ ምኒልክ በጽኑ ታመሙ፣ አካላቸውም አንደበታቸውም ደከመ። ወራሽ ሆኖ የተመረጠው የሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ ነው። ጣይቱ በባላቸው ስም ሥራውን ያዙ፣ ሰው ሾሙ፣ ሻሩ። መኳንንቱ ግን አልወደዱላቸውም። መጋቢት 1902 ዓ.ም. ላይ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ያን ቀን ከኋላቸው የሚቆም የአብራካቸው ክፋይ አልነበረም። ልጅ ማጣት የሚያሳምምበት ሰዓት አለ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ጣይቱ ሥልጣኑ ሲወሰድ ባላቸውን ትተው አልሄዱም። ለመናገር እንኳ የተሳናቸውን ሰው አጠገብ ሆነው አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ከ1875 ፋሲካ እስከዚያ ቀን ሲቆጠር ከሠላሳ ዓመት ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት ያለ ልጅ፣ በአንድ ትዳር!

ከዚያ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ቀሪ ዘመናቸውን እዚያው አሳልፈው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። አዲስ አበባን ቁልቁል ከሚያሳየው ተራራ ላይ ማለት ነው። በኋላ አጽማቸው ወርዶ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባላቸው አጠገብ አረፈ።

እስቲ ስለ ጊዜው እንነጋገር

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ለመፀነስ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለውን ነው። ይህ በጤና ሰዎች የተጠና ነገር ስለሆነ ብናውቀው ብዙ ትዳር ይተርፋል።

ወጣትና ጤነኛ የሆኑ ባልና ሚስት አብረው እየኖሩ፣ መከላከያ ሳይወስዱ፣ በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከአራት ወይም ከአምስት አንድ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ 100 ጥንዶች ቢቆጠሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ይፀንሳሉ። ከቀሩት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ያገኛሉ። ስለዚህ በስድስት ወር ያልፀነሰች ሴት መካን ተብላ ስትጠራ፣ ጠሪው የማያውቀውን ነው የሚናገረው።

በአንድ ወር ውስጥ ሴት ልትፀንስ የምትችልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት ከሆነች፣ ቀኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ መካከል አካባቢ ይውላሉ። አሁን የእኛን ኑሮ አስቡ። ባል ለቀን ሥራ ወደ ማርሳቢት ወይም ወደ ናይሮቢ ሄዶ በሁለት ወር አንዴ የሚመለስ ከሆነ እነዚያ ቀኖች ያልፉታል። ይህ መካንነት አይባልም፣ መለያየት ነው። ለእርግዝና መከላከያ የሦስት ወር መርፌ ትወስድ የነበረች እህትም መርፌውን ካቆመች በኋላ አንድ ዓመት ያህል ልትዘገይ ትችላለች። ጡት የምታጠባም እንዲሁ ትዘገያለች። እነዚህ ሁሉ የሚያልፉ ነገሮች ናቸው።

የማያልፍ ነገርም አለና አትዘናጉ። አብራችሁ እየኖራችሁ አንድ ዓመት ከሞላ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳልና። የወር አበባ የሚዛባባት ወይም የታችኛው ሆዷን ክፉኛ የሚያማት ከሆነም ዓመት አትጠብቅ። እንደ ጨብጥ ያለ የአባላዘር በሽታ ሳይታከም ከቆየ የሴቲቱን የማህፀን ቱቦ ይዘጋል፣ ወንዱንም ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ስለሚቀመጥ መመርመር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙ፦ ምክንያቱ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ከሴቷ በኩል ከሚሆንበት ብዙም አያንስም። ከሁለቱም የሚሆንበት አለ። ድሮ የወለደ ወንድ እንኳ በኋላ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ሚስቱን ብቻ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ባል ግማሹን ምርመራ አስቀርቶታል። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ይቀላል።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

1. መዘግየት ፍርድ አይደለም። ሉቃስ 1፥6-7ን ክፈቱ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ ተጽፏል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ልጅ እንዳልነበራቸው ተጽፏል። ሁለቱ ነገር ጎን ለጎን ተቀምጧል። እንግዲህ በልጅ ያልተባረከችውን እህት ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን የምንል ሰዎች ከየት አመጣነው?

2. ሸክሙ የሁለት ሰው ነው። ይስሐቅ ርብቃን አልመለሳትም፣ ሌላ ሴትም አላመጣባትም። ስለ እሷ ጸለየ። ቁጥር 21 ላይ የሚጸልየው ባልየው መሆኑን አስተውሉ። አብርሃም በአጋር በኩል አቋራጭ ሲሞክር በቤቱ ውስጥ የገባውን ጠብ ደግሞ ዘፍጥረት 16 ላይ እናገኘዋለን። ምኒልክም በሌላው ነገር ሰው የፈለገውን ይበላቸው፣ በቁርባን ያገቧቸውን ሚስት በልጅ ምክንያት አልፈቱም። ዋጋውንም በሕመማቸው ዘመን አገኙት፤ ከአልጋቸው አጠገብ የነበሩት እኚያው ያልወለዱት ሚስት ናቸው።

3. ለሰው የማንችለውን ቃል አንግባ። ርብቃ በሃያ ዓመቷ ወለደች። ጣይቱ ግን እስከ ሞት አልወለዱም። ሁለቱም ይሆናል። እኔ ጸልዬልሽ በዚህ ወር ትፀንሻለሽ ብሎ ሽልንግ የሚቀበል፣ ዘይትና ውሃ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ አትስሙት። ጸሎት በነፃ ነው። እንጸልያለን፣ ደግሞም እንመረመራለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መልሱን ግን ለእግዚአብሔር እንተዋለን።

4. ስም የሚቀረው በልጅ ብቻ አይደለም። ኢሳይያስ 56 ላይ እግዚአብሔር ልጅ መውለድ ለማይችሉት፣ ቃል ኪዳኑን ለሚጠብቁት፣ በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተናግሯል። ብዙ ሰው ስሜን የሚያስጠራልኝ አጣሁ ብሎ ያለቅሳል። ጣይቱ አንድ ልጅ አልሰየሙም፤ የሰየሟትን ከተማ ግን ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየቀኑ በስሟ ይጠራታል። ይህ የምድር ስም ነው። እግዚአብሔር የሚሰጠው ከዚህ ይበልጣል፣ የማይጠፋ ነውና። ይህንን ስም ለማግኘት እቴጌ መሆን አያስፈልግም፤ በዚህ ሰፈር በላስቲክ ቤት ውስጥ ያለችውም እህት ታገኘዋለች።

5. ለእኛ ለጎረቤቶች። ወር መቁጠር እናቁም። ያገባችን ሴት ምነው እስካሁን ብሎ መጠየቅ ሰላምታ አይደለም። አማቶች ሆይ፣ የልጃችሁ ሚስት ልጃችሁ ናት። ልጅ ሲወለድ ስም ማውጣቱ ላይ፣ ቡናው ላይ፣ ያልወለደችውን እህት አታግልሏት፤ አዝናለችና አትምጣ ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑላት። ጥሯት። ካልቻለች ራሷ ትቀራለች።

በቤታችሁ የምትወያዩበት

- ባልና ሚስት ከተጋቡ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ከዚያ ውስጥ በእርግጥ አብራችሁ የኖራችሁት ስንት ወር ነው?
- ለመመርመር ብትሄዱ ሁለታችሁም አብራችሁ ለመሄድ ምን ይከለክላችኋል?
- በዚህ ጉዳይ የተናገርነው ቃል ያቆሰለው ሰው ካለ፣ ሄደን ይቅርታ የምንጠይቀው መቼ ነው?

እንጸልይ

አባት ሆይ፣ በዚህ ሰፈር በየወሩ የሚጠብቁትን ባልና ሚስት አንተ ታውቃቸዋለህ። ልጅ የምትሰጣቸው ከሆነ በጤና ስጣቸው። የምታዘገይባቸው ከሆነ እጅ ለእጅ እንዲያያዙ አድርጋቸው። የማትሰጣቸው ከሆነም ከልጆች የሚበልጠውን ስምህን አትንሣቸው። የእኛንም አንደበት ጠብቅ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።